ሁለት መስመር፣ አንድ መንገድ

ሻሸመኔን ላላያት ሰው ለማስረዳት መንገዶቿን መቁጠር ይበቃል። አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ወደ ሐዋሳ፣ ሌላው በኮፈሌ አድርጎ ወደ ባሌ፣ አራተኛው በሀላባ በኩል ወደ ሶዶ ይሄዳል። ኮምፒዩተርም ከተማዋን የሚለያት በመገናኛዎቿ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶን ከካርታ ጋር የሚያጣምር ፕሮግራም ከሳተላይት ወይም ከአውሮፕላን የተነሣን ፎቶ ነጥብ በነጥብ እየመረመረ መንገድ የመሰለውን ይለያል፤ ያንንም አቅጥኖ መስመር ያደርገዋል። ከዚያ ሰዎች ቀድመው ከሣሉት ዲጂታል ካርታ ጋር ይደርበዋል። እዚህ ላይ ችግር ይመጣል። የአገራችን የድሮ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት ቀያሾች አዲንዳን በሚሉት የልኬት መነሻ ነው፤ የስልካችን ጂፒኤስ የሚለካው በሌላ ነው። በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ከድሮው ካርታ የተቀዳ መስመር ሳይስተካከል ከተደረበ፣ ገጠር ላይ ብዙም ላያስቸግር ይችላል፤ ከተማ መሀል ግን በዚያ ርቀት ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሦስት መንገዶች ይገባሉ። «ቅርቡን አጣምር» የተባለ ፕሮግራም የዋናውን አስፋልት ስም ለጓሮ ኮብልስቶን ይሰጣል።

ስለዚህ ከርቀት በፊት መገናኛ ይፈለጋል። ስንት መንገድ ይገናኛል? በምን ማዕዘን? ሦስት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ረጃጅም መንገዶች የሚለያዩበት ግን ብዙ አምሳያ የለውም። እንዲህ ያሉ ጥቂት ነጥቦች ከተጣመሩ ካርታው ወዴት፣ ስንት ሜትር እንደተንሸራተተ ይሰላል፤ በመካከላቸው ያለው እንደ ጎማ ተስቦ ይስተካከላል። የመስመሮቹ አቅጣጫ፣ ርዝመትና ጥምዝ የሚነጻጸረው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔን የሚማርከኝ ጥንድ ያጣው መስመር ነው። ፎቶው ላይ ታይቶ ካርታው ላይ የሌለው አዲስ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሀላባ ሲኬድ ግን ጎርፍ የቦረቦረው ደረቅ ፈፋም ከላይ ሲታይ ጥርጊያ መንገድ ይመስላል። ካርታው ላይ ኖሮ ፎቶው ላይ የጠፋውን ደግሞ ባሕር ዛፍ ጋርዶት ይሆናል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ራፒድ የተባለው መሣሪያ ፍርዱን ለሰው የተወውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ኮምፒዩተሩ ያገኘውን መንገድ ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው የጋራ ዲጂታል ካርታ ላይ ደርቦ ያሳያል፣ የሚቀበለው ወይም የሚጥለው ካርታ ሠሪው ነው።

ታዲያ አሮጌውን ጥሎ በአዲሱ መተካት አይቀልም? አይቀልም፤ ፎቶ ስም አያውቅም። የሻሸመኔው ጃማይካ ሰፈር ስም ከሰማይ አይነበብም፤ ከነባሩ ካርታ ተነሥቶ ወደ አዲሱ መስመር የሚሻገረው ጥንዱ በትክክል ሲገኝ ነው።