የባሕር ኮከቡ ሲነሳ

ብዙ ተማሪ የምግብ ሰንሰለትን በአንድ መስመር ይሸመድዳል፤ ትንሹን ትልቁ፣ ትልቁን ደግሞ ከእሱ የባሰው ይበላዋል። ባሕር ውስጥ ያለው ግን መረብ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከሮበርት ፔይን ሙከራ የተሻለ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል። አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ በ1963 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ግዛት፣ በማካ የባሕር ወሽመጥ፣ ከአንድ ዓለታማ ዳርቻ የባሕር ኮከቦችን በብረት እየፈነቀለ ወደ ውሃው ይወረውር ጀመር። የባሕር ኮከቡ ዋና ቀለብ መስል የተባለው፣ ዓለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ባለዛጎል እንስሳ ነው። አዳኙ ሲነሳለት መስል ዓለቱን ወረሰው። 15 የነበሩት ዝርያዎች ወደ 8 ወረዱ፤ አጠገቡ ሳይነካ የቀረው ዳርቻ ግን እንደነበረ ቆየ።

ከተጎዱት መካከል አልጌ ይገኝበታል። ይህ የባሕር ኮከብ አልጌን አይበላም፤ አልጌው የተቸገረው መቆሚያ ቦታ አጥቶ ነው። በክፍል ውስጥ ሊሰመርበት የሚገባው ይህ ነው።

ተማሪዎች ክብ ሠርተው፣ አንዱ አልጌ፣ ሌላው መስል ሆኖ፣ በክር የሚያያዙበት ጨዋታ ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም አንድ ዓይነት ክር በላተኛንና ተበይን ብቻ ያሳያል። መምህሩ ለቦታ ሽሚያው ሌላ ቀለም ክር ቢጨምር፣ የባሕር ኮከቡ ከክቡ ሲወጣ አልጌ የሆነችው ልጅ ለምን እንደምትገፋ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያዩታል።