ጌር በአዲስ አበባ፦ ከገጠር የመጣው ሠራተኛና አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ ከየአገሩ በመጡ ሰዎች ያደገች ከተማ ናት። ዛሬም ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከወላይታ፣ ከጋሞና ከሌሎችም አካባቢዎች የሚመጡ ወጣቶች በግንባታ ሥራ፣ በሸክም፣ በሊስትሮነትና በቤት ሠራተኛነት ይተዳደራሉ። ብዙዎቹም ከእኛ ጋር ያመልካሉ። ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ እነዚህ ሰዎች ከምጽዋት ያለፈ ምን ያዝዙናል?

መታወቂያ የሌለው ነዋሪ

በከተማዋ ድሆችም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 በተወረሱት የቀበሌ ቤቶች የሚኖር ድሀ የሚከፍለው ኪራይ አነስተኛ ነው። 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በተባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብሮች ለመመዝገብም የከተማዋ ነዋሪ መሆንና በባንክ መቆጠብ ያስፈልግ ነበር። አዲስ መጪው ግን የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ፣ በከተማዋም የሚታወቅ አድራሻ ይጠየቃል። በየጊዜው የሚያድርበትን ክፍል የሚቀይር ወይም በአሠሪው ቤት የሚኖር ሰው ይህን ማሟላት ይቸግረዋል። በቤት ሠራተኛዋ ላይ ሌላም ክፍተት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኞች የደነገገው የ24 ሰዓት ሳምንታዊ ዕረፍት እርሷን አይሸፍናትም።

መጻተኛ ማን ነው?

«ጌር» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል መጽሐፍ ቅዱሳችን መጻተኛ፣ ስደተኛ ወይም እንግዳ እያለ ይተረጕመዋል። «ከጎጃም የመጣ ሰው በገዛ አገሩ እንዴት መጻተኛ ይባላል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን የዚሁ ቃል ግሥ ለእስራኤላውያንም ተነግሯል። በመሳፍንት 17፥7 በቤተ ልሔም ይኖር የነበረው ሌዋዊ፣ በ19፥16 ደግሞ በጊብዓ የተቀመጠው የኤፍሬም ሽማግሌ የተገለጹት በእርሱ ነው። ሁለቱም በወገናቸው መካከል ነበሩ፤ ሆኖም በሚኖሩበት ስፍራ ርስት አልነበራቸውም። እንግዲህ ጌር ማለት ርስት በሌለው፣ ዋስ የሚሆነው ዘመድም በማያገኝበት ቦታ የሚኖር ሰው ነው።

ሕጉ ለዚህ ሰው ምን ይሰጠዋል? ዘዳግም 24፥14–15 ደመወዙ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ያዝዛል፤ እርሻ የሌለው ሰው የሚበላው የዚያኑ ቀን ከሚያገኘው ነውና። ዘዳግም 24፥19–21 ከእርሻው የተረፈውን በገዛ እጁ እንዲሰበስብ ይፈቅድለታል። ዘዳግም 5፥14 ዕረፍት፣ 16፥11 እና 14 ደግሞ በበዓል ማዕድ ስፍራ ይሰጡታል። እነዚህ ሁሉ የመጻተኛው ድርሻዎች ናቸው፤ የሰጪው ቸርነት እስኪነሣሣ ድረስ አይጠብቁም።

በእኛ ደጅ

ቤተ ክርስቲያናችንም መሸኛ ትጠይቃለች። የአባልነት መሸኛ ደብዳቤ መንጋውን ለመጠበቅና የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ለማክበር ይጠቅማል። ነገር ግን ለቤተሰቧ ሳትናገር ወደ ከተማ የመጣች ልጅ ደብዳቤውን ከየት ታመጣለች? ደብዳቤው ባለመምጣቱ ለዓመታት ከአባልነት ውጭ ብትቀር በቀበሌው ደጅ ያጋጠማት በእኛም ደጅ ተደገመባት ማለት ነው። ለመጣችበት አጥቢያ ሽማግሌ ስልክ መደወል፣ የሚያውቋትን ሁለት ምእመናን ምስክርነት መቀበልና ለተወሰኑ ወራት በደቀ መዝሙርነት ትምህርት መከታተል ሥርዓቱን ሳያፈርስ ደጁን ይከፍታል።

ከምእመናኖቻችን ብዙዎቹ አሠሪዎች ናቸው። እሑድ ጧት ጌቶቿ ሲያመልኩ ምሳ የምታሰናዳው ሠራተኛ የሰንበት ዕረፍቷን ከማን ትጠይቅ? ዘዳግም 5፥14ን ለአሠሪዎች መስበክና ከሰዓት በኋላ የአምልኮ ጊዜ ማዘጋጀት የእረኛው ሥራ ነው። አዳራሽ የሚገነባ አጥቢያም የቀን ሠራተኞቹን ሒሳብ «ገንዘብ ያዡ የለም» ብሎ ማሳደር አይገባውም። እድር የሌለው ሰው ሲሞት ማን እንደሚቀብረውም የሽማግሌዎች ጉባኤ አስቀድሞ ሊወስን ይገባል።

ጳውሎስ በኤፌሶን 2፥19 በክርስቶስ ያሉት ከእንግዲህ መጻተኞች እንዳልሆኑ ሲያስተምር የቀድሞው የአማርኛ ትርጕም የተጠቀመው ቃል «ባላገር» ነው። በከተማችን ገጠሬውን ለመናቅ የምንጠራበት ቃል በእግዚአብሔር ቤት ያለው ትርጕም ባለ ርስት ነው። ከገጠር የመጣው ወንድማችን በአባላት መዝገባችን ላይ በየትኛው ትርጕም እንደ ተጻፈ እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን ይመርምር።