በአጥንት ላይ የታሰረ ብረት ስንት እርምጃ ይችላል?

በጭን አጥንት ላይ የታሰረ ፕሌት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ታካሚው ሳይወድቅና ሳይመታ፣ ተሰብሮ በራጅ ይታያል። ብዙውን ጊዜ «ብረቱ ጥራት የለውም» ወይም «ታካሚው ምክር አልሰማም» ይባላል። ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን መሠረታዊው ክስተት መሐንዲሶች የብረት ዝለት የሚሉት ነው፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ ሊሰብረው ከሚችለው እጅግ ያነሰ ጭነት ሲደጋገምበት ብረቱ ቀስ በቀስ ተሰንጥቆ መሰበሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1842 በፈረንሳይ ቬርሳይ አቅራቢያ የባቡር አክስል ተሰብሮ በርካታ ሰዎች ካለቁ በኋላ ነገሩ ትኩረት ሳበ። ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር እስከ 1870 ድረስ ባካሄዳቸው ሙከራዎች፣ ዕድሜን በዋናነት የሚወስነው ብረቱ በሚጫንበትና በሚራገፍበት ጊዜ መካከል ያለው የውጥረት ልዩነት መሆኑን አሳየ። አጥንትም ቢሆን ይዝላል። የፕሩሲያው ወታደራዊ ሐኪም ብራይትሃውፕት በ1855 የገለጸው፣ በረጅም ጉዞ የሚመጣው የወታደሮች የእግር ሕመም የዚሁ ማስረጃ ነው። ልዩነቱ ሕያው አጥንት ራሱን መጠገኑ ነው፤ ፕሌት ግን የደረሰበትን ሁሉ ይዞ ይቀጥላል።

ባስኩዊን በ1910 እንዳሳየው፣ ጭነቱ በጥቂቱ ሲቀንስ ዕድሜው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ለብረታ ብረት በተለመደው ስሌት ጭነቱን በ10 በመቶ መቀነስ ዕድሜውን ወደ 3 እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል። እንግዲህ በምርኩዝ መሄድ ለታካሚው ቀላል ምክር መስሎ ቢታየውም ለፕሌቱ ትልቅ ነገር ነው።

የተለያዩ ጭነቶችን የሚደምረው ደግሞ በፓልምግሬን (1924) እና በማይነር (1945) ስም የሚጠራው ሕግ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ፕሌት በቀላል ጭነት 1,000,000፣ በከባድ ጭነት 100,000 እርምጃ ይችላል እንበል። ታካሚው 400,000 ቀላልና 30,000 ከባድ እርምጃ ከሄደ፣ 0.4 እና 0.3 ተደምሮ ከፕሌቱ ዕድሜ 70 በመቶው አልቋል። ድምሩ 1 ሲደርስ መሰበር ይጠበቃል። በተጎዳው እግር በቀን 3,000 ጊዜ የሚረግጥ ሰው በ3 ወር 270,000 እንደሚደርስ ልብ ይሏል።

ስለዚህ ሕክምናው በአጥንቱ መግጠምና በብረቱ መዛል መካከል ያለ እሽቅድምድም ነው። አጥንቱ ሲገጥም ጭነቱን ከብረቱ ይረከባል፤ ኢንፌክሽን ወይም ሰፊ ክፍተት ካለ ግን ጭነቱ በፕሌቱ ላይ እንዳለ ይቀራል። ውጥረቱ የሚከማቸው በተለይ በስብራቱ ትይዩ ባለው ባዶ የብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ነው። በቀዶ ሕክምና ጊዜ ፕሌቱን ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ማጠፍም ሆነ በመሣሪያ መጫር ለስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

ሕጉ ጉድለት አለው። የጭነቶቹን ቅደም ተከተል ከግምት አያስገባም፤ በሰውነት ፈሳሽ ምክንያት የሚመጣውን ዝገትም ለብቻው ማሰብ ያስፈልጋል። አንድ ዓይነት ፕሌቶችም በአንድ ዓይነት ጭነት እኩል አይቆዩም። በመሆኑም ስሌቱ የሚነግረን ዕድልን እንጂ ቀኑን አይደለም።

ከታካሚ የወጣን ፕሌት አጥቦና አምክኖ ለሌላ ሰው መጠቀም የማይገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማምከን ተሕዋስያንን ያጠፋል፤ ያለቀውን 70 በመቶ ግን አይመልስም። ጅምር ስንጥቆች በዓይንም በራጅም አይታዩም፤ ቀዳሚው ታካሚ ስንት እርምጃ እንደሄደም በካርዱ ላይ አይጻፍም።