ፕሮግራሙ ከነአድራሻው

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚገኙ የአሮጌ መሣሪያ ወዳጆች የሃምሳ ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ከየጓዳው እያወጡ፥ አቧራውን እያራገፉ አዲስ ፕሮግራም ይጽፉላቸዋል። ከእነዚህም ስመ ጥሩው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 በኒው ሜክሲኮ፥ በአልበከርኪ ከተማ የተሠራው አልቴር 8800 ነው። ይህ መሣሪያ በተፈጥሮው የፊደል መምቻም ሆነ መስተዋት የለውም፤ ሰውን የሚያነጋግረው በግንባሩ በተደረደሩ ማብሪያ ማጥፊያዎችና በትናንሽ መብራቶች ነው። ፕሮግራሙን በማብሪያው አንድ በአንድ ማስገባት ጣትን የሚያደክም ስለ ሆነ፥ ዛሬ በአዲስ ኮምፒዩተር ይጻፍና አሴምብለር በሚባለው ተርጓሚ ወደ ቁጥር ተለውጦ ይላክለታል። ጣጣው የሚጀምረው እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው።

አሴምብለሩ የሚያወጣው ፋይል ብዙ ጊዜ መሣሪያው እንዳለ የሚቀበለው አይደለም፤ የኢንቴል ሄክስ በተባለው ሥርዓት የተጻፈ ነው። አንባቢዎቻችን አንዱን መስመር ይመልከቱ፦

:05010000060578807681

ቁጥሮቹ በዐሥራ ስድስት መሠረት የሚቆጠሩ ናቸው። 05 የባይቶቹን ብዛት፥ 0100 ፕሮግራሙ የሚያርፍበትን አድራሻ፥ ተከታዩ 00 የመስመሩን ዓይነት ያስረዳል። ዋናው ጭነት 06 05 78 80 76 ነው። ይኸውም በኢንቴል 8080 ቋንቋ «5ን በቢ አስቀምጥ፤ ቢን ወደ ኤ ገልብጥ፤ በኤ ላይ ቢን ደምር፤ ቁም» ማለት ሲሆን ውጤቱ 10 ይሆናል።

የመጨረሻው 81 ነጋዴ ጭነቱን ሲልክ ለባለ አደራው እንደሚያስይዘው የድምር ወረቀት ያለ ነው። በተለመደው አቆጣጠራችን ቢሰላ፥ ከፊቱ ያሉት ባይቶች ድምር 383፥ የ81 ዋጋ ደግሞ 129 ነው። ሁለቱ በአንድነት 512 ሆነው ለ256 ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። ቀሪ ከተገኘ መስመሩ በመንገድ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ይህ ጥንቃቄ በዋጋ የተገኘ ነበር። በቀዳዳ ወረቀት የሚሠራው ቴሌታይፕ 33 በሴኮንድ 10 ፊደል ብቻ ያነባል፤ 4096 ባይት በጥሬው 7 ደቂቃ ያህል ሲፈጅበት፥ በሄክስ በየመስመሩ 16 ባይት ተደርጎ ቢጻፍ 19 ደቂቃ ይወስድበታል። እኛ ግን መታገሡ ይሻላል እንላለን። ይሁን እንጂ ዘበኛው ሁሉን አያይም፤ 78 እና 80 ቦታ ቢለዋወጡ ድምሩ ያው ስለ ሆነ ዝም ይላል፤ መሣሪያውም በ10 ፈንታ 5 ይመልሳል!

ፋይሉ ወደ ጥሬ ባይት ሲለወጥ ነጥቡም፥ ብዛቱም፥ አድራሻውም፥ ማረጋገጫውም ተገፎ አምስቱ ባይቶች ብቻ ይቀራሉ። ሲፒኤም በተባለው ሥርዓት ይህንን የሚፈጽመው ሎድ የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ እዚያ ፕሮግራም ሁሉ ከ0100 ስለሚጀምር የአድራሻው መጥፋት አይጎዳም። በባዶው አልቴር ግን ለ0100 የተሰናዳውን በ0000 ላይ ያስቀመጠ ሰው፥ ፕሮግራሙ «ወደ 0120 ዝለል» ባለ ጊዜ ምንም ካልተጻፈበት ሜዳ ላይ ይወድቅበታል። ለዋጩ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን አድራሻ አያርምምና።

ሌላም አለ። የፕሮግራሙ አንድ ክፍል በ0000፥ ሁለተኛው በ8000 ቢሆን፥ ጥቂት መስመር የነበረው ፋይል ሲለወጥ ከ32 ሺህ ባይት በላይ ይሆናል፤ በመካከል ያለው ሁሉ መሙያ ነው። ስለዚህ ሄክሱን ከለወጡ በኋላ መጣል አይገባም። የተለወጠውንም ፋይል ሲሰይሙ መነሻ አድራሻውን ከስሙ ጋር መጻፍ ይበጃል።