የዝናብ ትንበያ “45 በመቶ” ሲል ምን ማለቱ ነው?

ክረምት ሲቃረብ በሳንጃና በምዕራብ ጎንደር ቆላማ አካባቢዎች የሰሊጥ አምራቾች ጥያቄ “ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ይሆን?” የሚል ነው። የወቅት ትንበያ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም፤ የሚናገረው በመሆን ዕድል ወይም በፕሮባቢሊቲ ነው።

ይህንኑ ሂሳብ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎችም ይማሩታል። ሬዲዮ የሚቀበለው ሞገድ ከመልዕክቱ ጋር ያልተፈለገ ጫጫታ ይዞ ይመጣል። ጫጫታው በቀጣዩ ቅጽበት ምን እንደሚሆን አይታወቅም፤ ለረጅም ጊዜ ሲለካ ግን አማካዩና የመዋዠቁ መጠን ይታወቃል። መሐንዲሱም ይህን ይዞ መልዕክቱን ከጫጫታው ይለያል።

የዝናብም ጠባይ ተመሳሳይ ነው። በነሐሴ አንድ ቀን ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚዘንብ በግንቦት መናገር አይቻልም። የ30 ዓመት የክረምት ዝናብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ቢደረደር ግን ዝቅተኛዎቹ 10 ዓመታት “ከመደበኛ በታች”፣ መካከለኛዎቹ 10 “መደበኛ”፣ ከፍተኛዎቹ 10 “ከመደበኛ በላይ” ይባላሉ። ስለዚህ ሌላ መረጃ በሌለበት የእያንዳንዱ ዕድል 33 በመቶ ገደማ ነው።

ይህን ሚዛን ከሚለውጡት አንዱ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ነው። ውቅያኖሱ ከወትሮው ሲሞቅ የሚከሰተው ኤልኒኖ አብዛኛውን ጊዜ የኢትዮጵያን የክረምት ዝናብ ይቀንሳል፤ በ2007 ዓ.ም ክረምት በበርካታ የሀገሪቱ አካባቢዎች የታየው ድርቅ ለዚህ ማሳያ ነው።

ለምሳሌ ትንበያው ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ ቢል፣ “45 ከግማሽ በታች ነው” ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። ቁጥሩ መነጻጸር ያለበት ከ50 ጋር ሳይሆን ከ33 ጋር ነው። በሌላ በኩል 20 በመቶ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ከተተነበየላቸው 100 ክረምቶች 20 ያህሉ ዝናብ ያጥራቸዋል ማለት ነው። በመሆኑም የትንበያ ትክክለኛነት የሚመዘነው በአንድ ክረምት ሳይሆን በብዙ ዓመታት ነው።

ሰሊጥ ውሃ የሚተኛበትን መሬት አይወድም፤ በጥቁር አፈር ላይ ውሃ ሲቋጥር ሥሩ ይበሰብሳል። እንዲህ ያለ ትንበያ የሰማ አርሶ አደር የውሃ ማፋሰሻ ቦይ ቀድሞ ማዘጋጀትና ረባዳውን መሬት ውሃን ከሰሊጥ በተሻለ ለሚቋቋመው ማሽላ መተው ይችላል። ለቀሪው 20 በመቶ ደግሞ ማሳውን ሁሉ በአንድ ቀን አለመዝራት ይበጀዋል። የከተማ ነዋሪውም የጎርፍ መውረጃዎችን ከወዲሁ መጥረግ ይኖርበታል። ክረምቱ ከገባ በኋላም የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የ10 ቀናት ትንበያ መከታተል ውሳኔን በየጊዜው ለማስተካከል ይረዳል።