የተቀደደ ጉልበት እንዴት ይሰፋል?

የፉሪ ወጣት ኳስ ሲጫወት እግሩ መሬት ላይ እንደተተከለ ገላው ቢዞር ጉልበቱ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል። በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል እንደ ሂላል የታጠፉ ሁለት ልም አጥንቶች አሉ፤ ሜኒስከስ ይባላሉ። የተቀደደው ከእነርሱ አንዱ ይሆናል።

ቀድሞ ሐኪሞች የተቀደደውን ቆርጠው ያወጡት ነበር። በ1948 (እ.ኤ.አ.) ፌርባንክ የተባለ ሐኪም ሜኒስከሱ የወጣለት ጉልበት በራጅ ሲታይ እንደሚለወጥ ከጻፈ በኋላ ግን ሐሳቡ ቀስ በቀስ ወደ መስፋት ዞረ።

አሰፋፉስ? የሜኒስከስ ዋና ዋና ክሮች ዙሪያውን ተከትለው ይሄዳሉ። አግድም ስፌት ከክሮቹ ጎን ስለሚተኛ ሲጎተት ሰንጥቆ ሊወጣ ይችላል፤ ቁም ስፌት ግን አቅፎ ያስራቸዋል። የማገዶ እስር አስቡ፤ ገመዱ በእንጨቱ ርዝመት ቢዘረጋ ምን ይይዛል? በቤተ ሙከራ ተጎትተው ሲለኩም በአመዛኙ ቁሙ በልጧል።

ይሁንና ብርቱ ስፌት ብቻውን አያድንም። ደም የሚደርሰው ውጪኛው ጠርዝ ላይ ነውና ውስጠኛው ቅዳጅ በቀላሉ አይሽርም። የተሰፋ ጉልበት ደግሞ ለወራት በጥልቀት አይታጠፍም። ስለዚህ አባቶች ልጃቸው በወንበር ሲሰግድ ቢያዩ ስንፍና አይምሰላቸው፤ ለታማሚ የተፈቀደ ነው፣ ስፌቱም ገና አልጸናም።