የሽንኩርት ዘር ማባዛት በአንድ ቀን ሥልጠና አይለመድም

አቦምሳ፦ በአርሲ ዞን መርቲ ወረዳ በመስኖ ሽንኩርት የሚያመርት አርሶ አደር አንዱ ስጋቱ ዘር ነው። የሽንኩርት ዘር በተለመደው አቀማመጥ ከዓመት በላይ ሲቆይ የመብቀል አቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል። አሮጌውን ከአዲሱ በዓይን መለየት ስለሚያዳግት፣ ገዢው መታለሉን የሚያውቀው መደቡ ሳይበቅል ሲቀር ነው። ከመዝራቱ በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ የበቀለውን ቢቆጥር ግን ከኪሳራ ይድናል።

ዘሩን ራሱ ማባዛት ደግሞ ሌላ ሙያ ይጠይቃል። በአዳማ አቅራቢያ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው አዳማ ቀይ ዝርያ እንኳ ካልተጠነቀቁለት ይደባለቃል። ቀለሙና መጠኑ ተመሳሳይ የሆነውን ጤነኛ ሽንኩርት መርጦ መልሶ መትከል፣ አበባው በቀዝቃዛው ወራት እንዲወጣ ጊዜውን ማስላት፣ ከሌላ የሽንኩርት ዝርያ ማሳ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ማራቅ፣ በአበባ ወቅት ንብ የሚገድል ኬሚካል አለመርጨት፣ ጥቁሩ ፍሬ መታየት ሲጀምር ለቅሞ ማድረቅ ያስፈልጋል።

እነዚህ ሥራዎች በወራት ልዩነት የሚከናወኑ ናቸው። ስለዚህ የቀበሌ አርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ሠልጣኙን ከተከላ እስከ ለቀማ በየደረጃው ወደ ሠርቶ ማሳያው ሊጠሩት ይገባል። ሙያውን የጨበጠ አርሶ አደር ሽንኩርት ሲረክስ ዘር የሚሸጥበት ሁለተኛ በር ይኖረዋል።